ለአንድ መንገድ የተሠራ መንኰራኵር፦ ከጋፋት ሠረገላ እስከ እሽቅድድም መኪና

መኪና ከመንገድ ተለይቶ አይታሰብም። ይህ አባባል ከሁሉ ይልቅ እውነት ሆኖ የሚገኘው ለመንገድ እሽቅድድም ተብሎ በሚሠራ የስፖርት መኪና ላይ ነው። ተራው መኪና ለብዙ ዓይነት ሰው፣ ለብዙ ዓይነት ጭነትና ለብዙ ዓይነት ጐዳና ስለሚሠራ ለአንዱም ፍጹም ሊሆን አይችልም። የእሽቅድድም መኪና ግን ዳገቱ ታውቆ፣ ቁልቁለቱ ተለክቶ፣ መታጠፊያው ተቈጥሮ የሚሠራ ዕቃ ነው። ስለሆነም የእንዲህ ዓይነቱን መኪና አሠራር ታሪክ መመርመር ማለት መንገዱን፣ ሠሪውንና ሠሪው የተማረበትን ቤት አብሮ መመርመር ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ በሁለት የተከፈለ ይመስላል። አንደኛው በአውሮፓ በትናንሽ ጋራዦች ውስጥ የተወለደው የስፖርት መኪና ታሪክ ነው። ሁለተኛው በጎንደርና በአካባቢዋ ደጋ ላይ መንኰራኵር የሄደበት ታሪክ ነው። ነገር ግን ሁለቱን አስተያይቶ ለሚመለከት ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ ይኸውም የእጅ ጥበብ በአንድ አገር እንዴት ሥር ይሰድዳል፣ እንዴትስ ሳይተካ ይቀራል የሚለው ነው።

መንኰራኵር ያላወቀው ደጋ

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ኰረብታ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ግቢ ይገኛል። የግቢውን ግንብ፣ የመስኮቱን ቅስትና በግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ጌጥ የተመለከተ ሁሉ የግንበኞቹን ችሎታ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ድንጋዩ፣ ኖራውና እንጨቱ ወደዚያ ኰረብታ የወጣው በሰው ጫንቃና በጋማ ከብት ጀርባ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር በገባ ጊዜ የመጣው ከምጽዋ ተነሥቶ በአክሱም በኩል ሊማሊሞን ወጥቶ ነበር። ኳድራንት የተባለውን ከባድ የከዋክብት መለኪያ መሣሪያውንም በየተራራው ያሳለፈው በሰው እያሸከመ ነው። ቁስቋም ደርሶም በእቴጌይቱ ግቢ ተቀምጦ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች አስታሟል። ከዚህ የምንረዳው ጎንደር ከውጭው ዓለም ጋር የተገናኘችው በእግርና በኮቴ እንጂ በመንኰራኵር አለመሆኑን ነው። ምክንያቱም የዕውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም። በሊማሊሞ ዓይነት ገደል ላይ በቅሎ ከሠረገላ ትበልጣለች። መንገድ ባልተሠራበት አገር መንኰራኵር ሸክም እንጂ ረዳት አይሆንም።

የጋፋት ሠረገላና የሁለት መንገዶች እሽቅድድም

ይህን ነገር ለመለወጥ በብርቱ የተነሡት በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ቦታ የእጅ ሥራ የሚያውቁ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን አስቀመጡ። ከእነዚህም መካከል ዋልድማየርና ሳልሙለር ስማቸው የታወቀ ነው። የአገሩ ልጆች ከእነርሱ ጋር እየሠሩ እንዲማሩ ተደረገ። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ለመስበክ እንጂ መድፍ ለማቅለጥ አልነበረም፤ ንጉሡ ግን ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት መድፍን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከከሸፉ በኋላ የጋፋት ሠራተኞች እያሻሻሉ ሄደው በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ገደማ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አወጡ።

ለመካኒክ ሙያ ሰው ከመድፉ ይልቅ የሚያስደንቀው መድፉን የተሸከመው ሠረገላና ለሠረገላው የተሠራው መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፎቻቸውን በመንኰራኵር አስጐትተዋል። በመካከሉ የነበሩት የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ለበቅሎ እንኳ የሚከብዱ ናቸው። ስለዚህ ሠራዊቱ በየቀኑ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደል እየጠረበ፣ እየደለደለ መንገዱን ከፊት ይሠራል፤ ሠረገላው ከኋላ ይከተላል። ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ ነበር። በዳገት ላይ ሞተሩ የሰው ጡንቻ ነበር፤ በቁልቁለት ላይም ፍሬኑ ያው የሰው ጡንቻ ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በአየር መስመር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጕዞው አምስት ወር ተኩል ያህል ስለ ፈጀ በአየር መስመሩ ሲታሰብ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተሄደ ማለት ነው።

በዚያው ወራት ጀኔራል ናፒር የተባለው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ዙላ ወደብ ወርዶ ወደ መቅደላ ይገሰግስ ነበር። እርሱም የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ከዙላ እስከ ተራራው ሥር ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ከባዶቹን መድፎች ለመሸከም ከሕንድ 44 ዝሆኖች አመጣ። እንግዲህ ነገሩን በሙያችን ዓይን ብናየው ይህ የሁለት መንገዶች እሽቅድድም ነበር። አንዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት በዝሆንና በሐዲድ፣ ሌላው አጭሩን ግን ሸለቆ የሞላበትን ጐዳና በእጅ በተሠራ ሠረገላ ተጓዙ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ በመድረስ በጥቂት ቀናት ልዩነት ቀደሙ። እሽቅድድሙን ቢያሸንፉም ጦርነቱን አላሸነፉም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፣ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር በመጨረሻው ጕዞው ራሱ በንጉሡ መንገድ ተጠቅሟል፤ አብረው የመጡ ጸሓፊዎችም የመንገዱን ሥራ አድንቀው ጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኛ የበለጠ ያሳዝናል። አውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ከናፒር ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። ዋልድማየር ኋላ በሊባኖስ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አቋቋመ። ጋፋት ግን እንደ ሥራ ቤት አልቀጠለም። የሥራው ሐሳብ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ፣ ሠራተኛውም በትእዛዝና በፍርሃት የተሰበሰበ ስለ ነበረ ባለቤቱ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ለመሆን ጊዜም ነጻነትም አላገኘም። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ የሠረገላው ጥበብ ግን አልተተካም።

በዚህ ላይ ማኅበራዊው ምክንያት መታከል አለበት። በጎንደርና በአካባቢዋ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ግንብ የሚገነባው ባለ እጅ ብዙ ጊዜ ቤተ እስራኤል ወይም እስላም ነበር። ሥራው ይፈለጋል፤ ሠራተኛው ግን ይናቃል፣ ቡዳ እየተባለም ይሰደባል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በበረሃና በዳገት እየነዳ የመጣባት የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። መኪናዋና አዋጁ በአንድ ዓመት መምጣታቸው አጋጣሚ ቢሆንም ትርጉም አለው። መኪና መግዛት ይቻላል፤ መኪና የሚሠራ እጅ ግን የሚገኘው ባለ እጅ በተከበረበት አገር ብቻ ነው።

የመንገድ እሽቅድድም መኪናን እንዴት እንደ ወለደው

በአውሮፓ ነገሩ በሌላ አኳኋን ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1895 ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ 1,178 ኪሎ ሜትር በሆነው ውድድር ሌቫሶር የተባለው መሐንዲስ ራሱ የሠራውን ፓናር መኪና ራሱ እየነዳ በ48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ጨረሰ፤ በሰዓት በአማካይ 24 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚያው ውድድር የሚሽላን ወንድማማቾች በአየር የሚሞላ ጎማ የገጠመ መኪና ይዘው ገብተው ነበር። ጎማው እየፈነዳ ብዙ ቢያስቸግራቸውም ሐሳቡ ትክክል መሆኑን መንገዱ ራሱ አረጋገጠ። ከዚህ ጀምሮ የሕዝብ ጐዳና የመኪና መፈተኛ ላቦራቶሪ ሆነ።

ላቦራቶሪው ግን ደም ያስፈስስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ከፓሪስ ወደ ማድሪድ የተጀመረው ውድድር ሰው በመሞቱ ቦርዶ ላይ ተቋረጠ፤ ከሟቾቹም አንዱ ማርሴል ሬኖ ነበር። በኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1927 የተጀመረው ሚሌ ሚሊያ ከብሬሻ ሮም ደርሶ ወደ ብሬሻ የሚመለስ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያለው ነበር። የመጀመሪያው አሸናፊ 21 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ፈጀበት። እ.ኤ.አ. በ1955 ስተርሊንግ ሞስ በመርሴዲስ 300 ኤስ ኤል አር 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨረሰው። በ28 ዓመት ውስጥ ጊዜው ከግማሽ በታች ወረደ። አብሮት የተቀመጠው ጋዜጠኛ ጄንኪንሰን የመንገዱን መታጠፊያ ሁሉ አስቀድሞ በረዥም ወረቀት ጽፎ፣ ወረቀቱን እየጠቀለለ በእጅ ምልክት ያሳየው ነበር። መኪናው ብቻ ሳይሆን መንገዱም ተጠንቶ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ዘጠኝ ተመልካቾችን ከነጂውና ከረዳቱ ጋር ስለ ገደለ ውድድሩ በዚያው ቀረ።

እነዚህን መኪናዎች ይሠሩ የነበሩት ታላላቅ ፋብሪካዎች ብቻ አልነበሩም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቱሪንና በሞዴና ከተሞች ብዙ ትናንሽ ጋራዦች የፊያት 1100ን ሞተርና ካምቢዮ ወስደው፣ በራሳቸው ሻንሲ ላይ ገጥመው፣ ቀላል ቆርቆሮ አልብሰው ወደ እሽቅድድም ያወጡ ነበር። ከእነዚህ መካከል ካርሎ አባርት የሠራው ሥራ ለእኛ አገር ሰው ቅርብ ነው፤ መነሻው አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያወቀችው ሰይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600 ነበርና። ሰይቼንቶ 633 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ፣ ከ20 ፈረስ ጉልበት ብዙም የማይበልጥ ሞተር ነበራት። አባርት የፒስተኑን ጕዞ የሚያስረዝም ሌላ ክራንክ ሻፍት አስገብቶ ሞተሩን ወደ 747 አሳደገው፤ ካርቡራቶሩን ለወጠ፤ ማርሚታውን በአዲስ መልክ ሠራ። ጉልበቱም ወደ 40 ፈረስ ገደማ ደረሰ፤ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ዛጋቶ የተባለው ቤት ደግሞ ቀላል የአሉሚኒየም አካል አለበሳት። ተራዋ የከተማ ታክሲ በሚሌ ሚሊያ የምትሮጥ የስፖርት መኪና ሆነች።

በእንግሊዝ አገርም ኮሊን ቻፕማን የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1948 አንዲት አሮጌ ኦስቲን ሰቨን መኪና በትንሽ ጋራዥ ውስጥ ፈትቶ እንደ ገና ሠራት። ኋላ ሎተስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣት ሎተስ ሰቨን ክፍሎቿ ተለያይተው የሚሸጡ፣ ገዢው በቤቱ ራሱ የሚገጥማት መኪና ነበረች። የቻፕማን መመሪያ ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ክብደት መቀነስ ነበር። ጉልበት የሚጠቅመው በቀጥታው መንገድ ላይ ነው፤ የክብደት መቅለል ግን በዳገት፣ በቁልቁለት፣ በመታጠፊያና በፍሬን ላይ ሁሉ ይጠቅማል።

ሊማሊሞ እንደ ፈታኝ

ይህን ሁሉ ወደ ሰሜን ጎንደር መንገድ አምጥተን ብናየው ትምህርቱ ይጐላል። መኪና ወደ ጎንደር በብዛት የገባው በወረራ ነው። ስታራቼ የመራው የፋሺስት ፈጣን ጦር በመቶዎች በሚቈጠሩ ካሚዮኖች ተጭኖ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከዚያ በኋላ ኢጣልያኖች አስመራን ከጎንደር የሚያገናኘውን መንገድ በሊማሊሞና በወልቀፊት ገደል ላይ ጠረቡት። የመንገዱ ዓላማ አገር መያዝ ነበር፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጀኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ዓላማው ከሸፈ፤ መንገዱ ግን ቀረ።

ይህ መንገድ ለመኪና ሠሪ ምን ይጠይቃል? መጀመሪያው ነገር አየር ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩቡን ያህል የሳሳ ስለሆነ በራሱ ትንፋሽ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶርም ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጢስ ይተፋል። መድኃኒቱ የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ ማጥበብ ወይም አየርን በኀይል ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ መግጠም ነው። ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በዳገት ላይ ራዲያተር ቶሎ ይንተከተካል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቁልቁለቱ ነው። 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኀይል 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሹፌሩ ማርሹን ቀንሶ በሞተሩ ካልያዘው በቀር ይህ ሙቀት በአብዛኛው በአራቱ ፍሬኖች ላይ ይወርዳል። የድሮው የታምቡር ፍሬን ሙቀቱን በውስጡ አምቆ ስለሚይዝ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ዲስክ ፍሬን አየር እያገኘ ስለሚቀዘቅዝ ይህን ችግር ያቃልላል። ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1953 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ በኋላ ይህ ፍሬን ቀስ በቀስ ወደ ተራው መኪና ተላለፈ። ዛሬ ሊማሊሞን የሚወርድ መንገደኛ ሕይወቱን የሚጠብቀው ፍሬን በእሽቅድድም ሜዳ የተፈተነ ነው። የስፖርት መኪና የሀብታም መጫወቻ ብቻ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

የጋራዥ ቋንቋና የጋራዥ ትምህርት ቤት

የመኪና ዕውቀት ወደ እኛ እንዴት እንደ መጣ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቪቴ፣ ዳዶ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። እነዚህ ቃላት ከመጽሐፍ አልመጡም፤ ዘይት በነካው እጅ፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ፣ ቁልፍ እያቀበሉ የተማሩ ልጆች ያመጧቸው ናቸው። ጋፋት ያልቻለውን ይህን ጋራዥ በመጠኑ ቻለው፤ ረዳቱ መካኒክ ሆነ፣ መካኒኩ ሌላ ረዳት አስተማረ፣ ሙያውም እስከ ዛሬ ደረሰ።

ይሁን እንጂ የጋራዡ ሙያ በጥገና ላይ ቆመ። መካኒካችን የተሰበረ ባሌስትራ ይቀጥላል፣ ያልተገኘ ዕቃ ከሌላ ዕቃ ቈርጦ ይሠራል፣ ለአንዱ ሞዴል የተሠራውን ለሌላው ያስማማል። ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም። አባርትና ቻፕማን የጀመሩት ከዚሁ ችሎታ ነው፤ እነርሱም መጀመሪያ ያደረጉት የሌላ ሰው መኪና ፈትቶ መግጠም ነበር። ልዩነቱ ያለው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሠሩትን ይለኩ ነበር፤ ክብደቱን በሚዛን፣ ፍጥነቱን በሰዓት። ሁለተኛ፣ የለኩትን ይጽፉ ነበር። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ሥራቸውን ከሌሎች ሥራ ጋር አስተያይቶ የሚፈርድ ውድድር ነበራቸው። የጋራዡን ልማድ ወደ ምሕንድስና የለወጡት ሚዛን፣ ደብተርና ውድድር ናቸው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት የሚተርፍ ተግባር አለ። በሕዝብ ጐዳና ላይ እንሽቀዳደም ማለታችን አይደለም፤ የፓሪስ ማድሪድና የሚሌ ሚሊያ መቃብሮች ያን ዘመን ዘግተውታል። ነገር ግን ተማሪዎች ራሳቸው ነድፈው፣ ራሳቸው በይደው ትንሽ የእሽቅድድም መኪና የሚሠሩበትና በተዘጋ ሜዳ የሚፈተኑበት ውድድር በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቶ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። በዚያ ውድድር ፍጥነት ብቻ አይደለም ነጥብ የሚያሰጠው፤ ንድፉ፣ ዋጋውና የሠሪው ማስረጃ አብረው ይመዘናሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ በጎንደር ለመጀመር የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተማሪና በከተማው ጋራዥ ያረጀው መካኒክ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ተማሪው ስሌቱን ያውቃል፤ መካኒኩ ብረቱን ያውቃል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ከዚህም በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። የጋፋትን ሥራ ታሪክ ስንጽፍ የአውሮፓውያኑ ስም በመጻሕፍት ተመዝግቦ እናገኛለን፤ ሠረገላውን የጐተቱትና መንገዱን የጠረቡት ግን ቁጥር ሆነው ቀርተዋል። የጋራዦቻችን አረጋውያን ዕውቀትም ካልተጻፈ ዕጣው ያው ይሆናል። እያንዳንዱ አባል በሚሠራበት ከተማ የአንድ አንጋፋ መካኒክ የሥራ ዘዴ ከነመሣሪያው፣ ከነልኩ፣ ከነስሙ ቢመዘግብ የሚጠይቀው ደብተርና ጥቂት ቀናት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድና መንኰራኵር በአንድነት መሠራት እንዳለባቸው አይተው ነበር። የጎደለው ሦስተኛው ነገር፣ ሙያውን ሳይፈራ ተምሮ ለሌላው የሚያስተላልፍ ሰው ነበር፤ ያንን ማሟላት የእኛ ድርሻ ነው።